ከላይ ባዶ የተተወው ወረቀት

ያ ወረቀት አሁንም ከሐሳቤ አይወጣም። የሌላ ሰው ተንኮል ብቻ ቢሆን ኖሮ ረግሜው እገላገል ነበር። ጽሕፈቱ ግን የእኔ ነው።

ከኮተቤ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ያለው መንደራችን ያን ጊዜ ገና ገጠር ነበር። ገብስና ድንች ይዘራል፤ ሰዉ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀለ ያወራል። እኔ ከታች ኮተቤ መምህርነት እማር ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ መሬታችንን የያዘችው እናቴ ናት፤ የይዞታ ወረቀት ግን አልነበራትም። ከጎረቤቶቻችንም ወረቀት ያለው አልነበረም። የማን ወሰን የት እንደሆነ የሚመሰክረው የመንደሩ ተጠሪ ነበር፤ ሽማግሌዎች በድሮው አጠራር ጭቃ ሹም የሚሉት። ከተማው ሽቅብ እየገፋ፣ ቀያሾች ሊመጡ ነው ይባል ስለነበር የእናቴ መሬት በተጠሪው ምስክርነት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

የድሮው ተጠሪ ሲሞቱ ሰዉ መስክ ላይ ተሰበሰበ። እኛ ዘንድ ምርጫ ማለት መሰለፍ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ይቆማሉ፣ ሁሉም ከፈለገው ሰው ኋላ ይሄዳል። ከጎረቤታችን ከሽማግሌው ኋላ የቆመው ሰልፍ መስኩን አልፎ ወንዙ ጋ ደረሰ። የእያንዳንዱን ቤት ወሰን በድንጋዩና በዛፉ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ከሌላው ተወዳዳሪ ኋላ የቆሙት ሚስቱና ወንድሞቹ ብቻ ናቸው፤ የሚስቱ እህት እንኳ ከእኛ ጋር ተሰልፋ ስትስቅ ነበር። መቁጠርም አላስፈለገ። ሁሉም በዓይኑ ያየውን ማን ይጽፈዋል? ማንም አልጻፈም።

በሳምንቱ ከቀበሌ አንድ ሠራተኛ መጣ። የቧንቧ ውሃ ሊገባላችሁ ነው፣ ነዋሪው በሙሉ ስሙን ያስመዝግብ አለ። የተማርሽ ነሽና አንቺ ጻፊ ተባልኩ። ደስ አለኝ፤ ጽሕፈቴ ያምራል እየተባልኩ ያደግኩ ነኝ። ከላይ ምን ብዬ ልጻፍ ስለው፣ "እሱን ተይው፣ ርዕሱን ቢሮ እንሞላዋለን" አለኝ። እኔም ከላይ አራት ጣት ያህል ክፍት ትቼ የመንደሩን ሰው ስም አንድ በአንድ ደረደርኩ፤ ሁሉም በስሙ ትይዩ ይፈርማል ወይም በጣቱ ያትማል። እናቴ ተራዋ ሲደርስ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አየች።

"ይሄ ነው የኔ ስም?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"ሲያምር" አለችና አውራ ጣቷን አጥብቃ አሳረፈችበት።

ወር ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ። ተጠሪ ሆኖ የተሾመው ያ ሚስቱና ወንድሞቹ ብቻ የተሰለፉለት ሰውዬ ነው። "በነዋሪው ሙሉ ድምፅ ተመርጦ" ይላል። ሾመነዋል ቢሉ ምን ነበረበት? ጉልበት ያለው ይሾማል፣ ለምደነዋል። በእኛው ስም መዋሸታቸው ነው ያንገበገበኝ። ሹመቱ ይሻርልን የሚለውን አቤቱታ እኔው አረቀቅኩት፣ ላምበረት ወርደን በታይፕ አስመታነው፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ከፈትን። ሁለት ጊዜ ተቀጥረን ሁለቴም ዳኛው የሉም ተባልን። ሽማግሌው በየቀጠሮው ጋቢያቸውን አጣፍተው ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግር ይወርዱ ነበር።

በሦስተኛው ቀጠሮ የቀበሌው ተወካይ "ቃለ ጉባኤ አለን" ብሎ አንድ ወረቀት አቀረበ። ገና ከሩቅ አወቅኩት። ከላይ፣ እኔ ክፍት በተውኩት ቦታ፣ በሌላ ሰው እጅ "እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው ነዋሪዎች በሙሉ ድምፅ መርጠናል" ተብሎ ተሞልቷል። ከሥሩ የእኔ ያማረ ጽሕፈት።

ዳኛው እናቴን ጠየቋት። "አሻራው የእርስዎ ነው?"

"ጣቱስ የኔ ነው። ለውሃ ነው የሰጠሁት።"

"ወረቀቱ ውሃ አይልም፣ እማማ።"

ተነሣሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስጽፍ ከላይ ባዶ ነበር አልኩ። ዳኛው በትሕትና፣ ባዶ ለመሆኑ ማስረጃ እንዳለኝ ጠየቁኝ። መስክ ሙሉ ሰው ተሰልፎ አይቷል ብል፣ የዚያ ሁሉ ሰው ፊርማ እዚሁ አለ አሉኝ። አቤቱታችን ውድቅ ሆነ። ሽማግሌው ከችሎት ወጥተው ዳገቱን ቀድመውኝ ወጡ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በበጋው ቀያሾች መጡ። አዲሱ ተጠሪ ፊት ፊት እየሄደ ወሰን ያሳያል። እኛ ጋ ሲደርስ የወሰኑን ድንጋይ አልፎ መሬታችን መሐል ያለች ባሕር ዛፍ ጠቆመና፣ "ከዚያ በታች ያለው የወንድሜ ነው" አለ። ሽማግሌው ድንጋዩ ላይ ቆመው፣ "ወሰኑ ይሄ ነው፣ ከዚህች ልጅ አባት ጋር ሆኜ የተከልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "እርስዎ ማን ነዎት?" አላቸው ቀያሹ። ያን ሁሉ ሰው ያሰለፉትን ሽማግሌ አልፎም ወደ ባሕር ዛፏ ሄደ።

በኋላ እናቴ ለተረፈላት ግማሽ ፈርሚ ተብላ ቀበሌ ተጠራች። ቀለሙን አቀረቡላት። እሷ ግን አውራ ጣቷን በጭብጧ ውስጥ ደብቃ ወደ እኔ ዞረች።

"ስሜንማ አውቀዋለሁ። ከላይ ያለውን አንብቢልኝ።"

አነበብኩላት። ወሰኑ ባሕር ዛፏ ነው ይላል። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ ተከተልኳት። ከዚያ ወዲህ እስክትሞት በማንም ወረቀት ላይ ጣቷን አላሳረፈችም፤ እኔ በጻፍኩትም ላይ።