ሳሎኑን ማልበስ

እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ሲነገረን መጀመሪያ ዞሬ ያየሁት ሶፋችንን ነው። ቀይ ከፈይ ነበር። ክንዶቹ ላይ ፀጉሩ አልቆ ክሩ ወጥቷል፤ አባታችን ይቀመጥበት የነበረው ጥግ ደግሞ ጎድጉዷል። አባታችን ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። ተዝካሩን አውጥተናል፣ ሙት ዓመቱም አልፏል፣ ዘመድ ሁሉ እናቴን "በቃ፣ ጥቁሩን አውልቂ" ብሎ ለምኗታል። እሷ "እሺ" ትልና በማግስቱም ያንኑ ለብሳ ትነሳለች።

ጥቁሩስ ይሁን። እኔን ያንገበገበኝ ሳሎን መቀመጥ መተዋ ነው። የለቅሶው ፍራሽ ከተነሳ ጀምሮ እንግዳ ሲመጣ ሰላም ትላለች፣ "ተጫወቱ" ትላለች፣ ከዚያ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ገርበብ ታደርገዋለች። ሽማግሌ መጥቶ የልጅቷ እናት ውስጥ ብትደበቅ ምን ሊባል ነው? እህቴ አንድ ምሽት ሳህን እያጠበች፣ "እማዬ ካልወጣች ይቅርብኝ። አባዬም የለ፣ እሷም ከሌለች ማን ሊድረኝ ነው?" አለችኝ። አላለቀሰችም፤ ለዚህ ነው የምሯን መሆኑ የገባኝ።

ስለዚህ ሳሎኑን እንደ አዲስ ላለብሰው ወሰንኩ። ቤት ካማረ ሰው ይቀመጥበታል ብዬ ነው። ሲያስቡት ቀላል ነበር።

እህቴ "ሲምፕል ይሁን፣ ቤጅ ምናምን" እያለች በስልኳ ፎቶ ታሳየኛለች። ሁሉም የሆቴል እንግዳ መቀበያ ይመስላል። "እስቲ እማዬን እዚህ መሃል አስቀምጫትና እያት" አልኳት። ጥቂት አየችና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የአገር ባህል እንዲሆን ተስማማን፤ እናታችን የምታውቀው ነገር መሃል እንድትቀመጥ።

ጉርድ ሾላ አንድ የሶፋ ጨርቅ ሱቅ ገባን። ሻጩ ጥቅሉን እየዘረጋ "ይሄ የቱርክ ነው፣ ይሄ ሻይ ቢደፉበት አይጠጣም፣ ይሄንን ልጅ ቢዘልበት አይቀደድም" ይላል። እኔ ጨርቅ ስገዛ ሰው አስቸግራለሁ። በጥፍሬ እፍቀዋለሁ፣ በር ላይ አውጥቼ በፀሐይ አየዋለሁ፣ መልሼ አስገብቼ በመብራት አየዋለሁ። እህቴ እንደማታውቀኝ ሆና ደረጃው ላይ ቆመች። በመጨረሻ ቁራጭ ቁራጭ ናሙና ለምኜ ይዤ ወጣሁ።

ናሙናዎቹን እናቴ አልጋ ላይ ደረደርኳቸው። የመጀመሪያውን በጣቷ አሸት አደረገችና "ደህና ነው" አለች። ሁለተኛውንም ደህና ነው አለች። ቡኒውንም፣ አረንጓዴውንም፣ እንድትቆጣ ብዬ ሆን ብዬ የጨመርኩትን ወይን ጠጅ አበባውንም ሳይቀር ደህና ነው አለች። ይህቺ ሴት እኮ ድሮ አንድ የትራስ ልብስ ለመምረጥ መርካቶን ከዳር እስከ ዳር የምታዞረን፣ ባለሱቁን አሰልችታ በመጨረሻ "ሌላ ቀን እንመጣለን" ብላ የምትወጣ ነበረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቁራጮቹን ሰብስቤ ወጣሁና በሩን ጠንከር አድርጌ ዘጋሁት።

ለመጋረጃውና ለመከዳዎቹ ሸማ እንዲሆን ፈለግን፤ ሶፋውንም ሸማ ላለብስ ነበር ሐሳቤ። ሶፋ ሠሪው ግን አይሆንም አለ። የእጅ ሥራ ሰው ሲቀመጥበት ይለጠጣል፣ ይጨማደዳል፣ ከዚያ እኔን ነው የምትሰድቡኝ አለን። ለመቀመጫው ወፍራሙን ቡኒ መረጥን፣ መከዳዎቹ ላይ ደግሞ ከሸማው ሥር አቡጀዲ እንዲገባ ተስማማን። እንጦጦ ግርጌ ካሉት የሸማ ሱቆች ስንዞር ዋልን። ነጭ ሸማ ሁሉም ጋ አለ፤ ሰው የሚጣላው በጥለቱ ነው። እህቴ ቀጭን ጥለት ፈለገች፣ እኔ ስንዝር የሚሞላ። እሷ ሰማያዊ፣ እኔ አረንጓዴ ከወርቅማ ጋር። የሷ ሽማግሌ ነው ብዬ ልሸነፍላት አስቤ ነበር፤ ሲደርስ ግን አልቻልኩም። ስንዝር የሚሞላ አረንጓዴ ጥለት ገዝተን ታክሲ ውስጥ ተኮራርፈን ወደ ቤት ተመለስን።

መጋረጃ ሰፊው ጨርቁን በወሰደ ማግስት ደወለ። "ጥለቱ በየት በኩል ይሁን?" አለ። እህቴ መስኮቱን አየችና "ከላይ አድርገው። ከታች ከሆነ ሶፋው ይሸፍነዋል" አለችው። እኔም ትክክል ነሽ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሶፋችን መስኮቱን ተደግፎ ነው የኖረው።

ሐሙስ መጥቶ ሰቀለው። መስኮታችን ወደ እንጦጦ ነው የሚያየው። ብርሃኑ በሸማው ውስጥ ለስልሶ ገባ፣ አረንጓዴው ጥለት ከጣሪያው ሥር ከጥግ እስከ ጥግ ተዘረጋ። እኔና እህቴ ኩርፊያችንን ረስተን ጎን ለጎን ቆመን አየነው። ያምር ነበር፤ አሁንም ቢሆን ያምር ነበር እላለሁ።

የመሰርሰሪያው ጩኸት ሲቆም የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። እናቴ ሳሎኑ ደፍ ላይ ቆማ ወደ ላይ አየች።

"ደግሞ ማን ሞተ?" አለች።

ሰፊው መሰላሉ ላይ እንዳለ ደነገጠ። "ምን አሉኝ እማማ?"

"ጥለቱን አንገቱ ላይ አውጥተህ ሰቀልከው እኮ ልጄ! ቤቴን ሐዘንተኛ አደረግከው።"

ሰው ሲሞት ነጠላ ይዘቀዘቃል፤ ከታች የሚውለው ጥለት ወደ አንገት ይወጣል። ይህን አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እኛም እናውቃለን። ያውም እናታችን እዚያው ፊታችን የቆመችው ነጠላዋን እንደዚያ ለብሳ ነው፣ ስንት ጊዜ ሙሉ ያየናት እንደዚያ ነው። መጋረጃ ላይ ሲሆን ግን ለአንዳችንም አልታየንም። ሽማግሌዎቹ ገብተው ቀና ሲሉ የሚያዩት ይህንን ነበር።

"አውርደው" አለችው። እሱ እስኪወርድ አልጠበቀችም፤ ጫማዋን አውልቃ፣ ቡኒውን ለብሶ የተመለሰው ሶፋ ላይ ወጣችና ቀለበቶቹን መንቀል ጀመረች። "አንቺ ያንን ጫፍ ያዢ። አንቺ ደግሞ ምላጭ አምጪ። ይሄ ስፌት ምንድን ነው? ወፍ የለቀመው ነው የሚመስለው!" ሰፊው ይቅርታ ይላል፣ እህቴ እኔ ነኝ ያዘዝኩት ትላለች፣ እናቴ ማንንም አትሰማም። "ሶፋውን ደግሞ ከመስኮቱ አንሱት። ግድግዳ ጠፍቶ ነው? ጥለቱ ወርዶ ይታይ።"

ሶፋውን ወደ ግድግዳው ገፋነው። እናቴ መሃሉ ላይ ተቀመጠችና መጋረጃውን ጭኗ ላይ አድርጋ ስፌቱን በምላጭ ትፈታ ጀመር። ሰፊው የፈታችውን እየተቀበለ በሌላው ጫፍ መልሶ ይሰፋል። ደስታዬን የት ላድርገው? ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልሆነልኝም።

"እማዬ፣ ቤቱንስ አስተካከልሽው። አንቺስ?" አልኳት።

እህቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። እናቴ ቀና አላለችም።

"እኔ ባሌ ሞቶብኛል" አለች። "የኔ ይቆየኝ፤ ሲበቃኝ አወልቀዋለሁ። ቤቱ ግን ልጅ ሊድር ነው፤ እሱ ምን በወጣው?"

 ያን ሁሉ ቀን ጨርቅ ስፍቅ የዋልኩት ሐዘኗን የሚያስወልቅልኝ ቀለም ፍለጋ ኖሯል። "ካላወለቅሽ" እያልን ስንነዘንዛት፣ ከነጥቁሯ ሳሎን መቀመጥ የማይፈቀድላት መስሏት ይሆናል ውስጥ የገባችው። እንባዬ መጣ። መከዳ የማስተካክል መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። በአባታችን ቦታ መልስ የሚሰጠው አጎታችን፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከረባቱን አስሮ በጠዋት ደርሷል። እህቴ ከበሩ ኋላ እጄን ጨምድዳ ይዛለች። እንግዶቹ እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ከመሃላቸው የሁሉም ታላቅ የሆኑት፣ "ጉዳይ ይዘን መጥተናል። የዚህ ቤት መልስ ሰጪ ማን ነው?" ብለው ጠየቁ።

አጎታችን ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ነኝ" አለች እናቴ፣ ከሶፋው መሃል፣ ከነጥቁሯ። "ቁጭ በሉና ንገሩኝ።"