ማጉያ የማይፈልገው ገዢ

ሲቀላ በሚባለው ገበያ አሮጌ ዕቃ የምትሸጠው ኸይሪያ፣ አንድ ሽማግሌ ሱቋ ሲገቡ ለልጅ ልጃቸው መጫወቻ የሚፈልጉ መስሏት ነበር። ኮታቸው ከዘመን ብዛት ነጥቷል፤ ሱሪያቸው ግን በወግ ተተኩሷል። የቀኝ አውራ ጣታቸውን ጥፍር አሳድገውታል።

ርካሹን የኤሌክትሪክ ጊታር አነሱ። አንገቱ ተሰብሮ በብሎን ታስሯል፤ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹም ከአሮጌ ሬዲዮ ተነቅለው የተገጠሙ ናቸው። ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ክሮቹን ነካኩ።

«ድምፅ ማጉያም አለኝ አባባ፣ በቅናሽ እሰጥዎታለሁ» አለቻቸው።

«አይ ልጄ፣ ይህን የምገዛው ያለ ማጉያ ስለማይጮህ ነው።»

«ታዲያ ማን ይሰማዋል?»

«እኔ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የምኖረው ልጄ ቤት ነው። ሹም ሆኗል። የፊተኛውን ጊታሬን ‹የአዝማሪ ልጅ አታሰኘኝ› ብሎ ሰበረው።»

የገዙትን ጊታር በማዳበሪያ ከረጢት እንድትጠቀልልላቸው ኸይሪያን ለመኗት፤ ጠቀለለችላቸው። ባጃጅ ውስጥ አስገብተውም ከመንገድ ዳር የገዙትን ሙዝ ከላዩ ጫኑበት።

«ልጄን ያስተማርኩት እኮ ሆቴል ለሆቴል ጊታር እየተጫወትኩ ነው» አሉ፣ ለእሷ ይሁን ለሹፌሩ ሳይለይ።