ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ያለው ሳቅ

የፓራሹት ዝላይ ክለቡ ሰፊና አጣፊ እትዬ መርፌ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ፓራሹት እንዳጠፈች አታውቅም። እጇ ግን የተንጠለጠለ ገመድ ካየ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ሰብሰብ፣ እጥፍ፣ በላስቲክ ጥብቅ። ቤቷ ውስጥ የመጋረጃው ገመድና የካውያው ሽቦ ሳይቀሩ በላስቲክ ታስረዋል። ሴት ልጇ «እማዬ፣ አንድ ቀን እኛንም አጥፈሽ መሳቢያ ውስጥ ትከችናለሽ» ትላታለች።

ራሷም ስምንት መቶ ጊዜ ዘላለች፤ ሁሉንም ግን ከአራት ሺህ ሜትር። ክለቡ ከዚያ በላይ አይወጣም። አየሩ ይሳሳል፤ ሰው ሳይታወቀው እንደ ሰካራም ይሆናል፤ የትንሿ አውሮፕላን ሞተርም ትንፋሽ ያጥረዋል። ላይኛው ሰማይ ደግሞ የትልልቆቹ አውሮፕላኖች መንገድ ስለሆነ ተቆጣጣሪዎቹ በቀላሉ አይፈቅዱም። እሷ ይህን ሁሉ እያወቀች አምስት ሺህ አምስት መቶን ትመኝ ነበር። ከዚያ ቢዘል፣ ፓራሹቱ እስኪከፈት ያለው የአንድ ደቂቃ ውድቀት ወደ ሰማንያ ሰከንድ ያድጋል። ሃያ ሰከንድ ሙሉ!

በስልሳ ዓመቷ፣ ሐኪሟ ጉልበቷን አይቶ «ዘንድሮ ይብቃሽ» ባላት ዓመት፣ ፈቃዱ መጣ። ለአንድ በረራ፣ ለአንድ ጠዋት ብቻ።

አውሮፕላኗ እንዳይከብዳት የተሳፈሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እሷና ጡረታ የወጣው ፖስተኛ። ከኦክስጅን ጠርሙሱ የሚመጣውን ቀጭን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

«እትዬ፣ ዛሬማ በደስታ ብቻ ያለ ሞተር ሊወጡ ነው» አለ ፓይለቱ ዞር ብሎ።

«ፊት ለፊትህን እይ! መንገድ እንዳትስት።»

«ሰማይ ላይ ደግሞ ምን መንገድ አለ?»

«ፖስተኛውን ጠይቀው። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ሲስት የኖረው እሱ ነው።»

የከፍታ መለኪያው አራት ሺህን ሲያልፍ የፖስተኛውን ጉልበት በጥፊ መታችው። «አለፍነው! አለፍነው እኮ!»

በደንቡ መሠረት ፓይለቱ፣ የሳሳው አየር አእምሯቸውን እንዳላደከመው ለማወቅ፣ እያንዳንዳቸውን ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት ያስቀንሳል፤ አንድ ሰው ከተሳሳተ ሁሉም ይወርዳሉ። እትዬ መርፌ ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመደው ከርማለች። አምስት ሺህ ላይ «ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ ሁለት» እያለች እንደ ዘፈን አወረደችው። ፓይለቱ አውራ ጣቱን ቀሰረላት።

ከዚያ ሳቅ ያዛት። ክንፉ አሳቃት፤ የፖስተኛው አፍንጫ አሳቃት። ይህን ለልጅ ልጄ እነግራታለሁ ብላ ስታስብ የልጅቱ ስም ጠፋት። ጠዋት የጫማዋን ክር ያሰረችላት ልጅ ስም! ይሄም አሳቃት። እጇን ወደ አፏ ስታመጣ ግን ጥፍሮቿ ሰማያዊ ሆነው አየች። ዓይኗ ወደ ደረቷ ወረደ። የኦክስጅን ቱቦዋ ሦስት ቦታ ታጥፎ፣ በላስቲክ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። የማን እጅ ሥራ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ እጥፉ እንከን አልነበረውም።

መለኪያው አምስት ሺህ ሁለት መቶ ይላል። ሦስት መቶ ሜትር ቀርቷል። ላስቲኩን ፈትታ ዝም ብትል ማን ያያል? ግን የልጅቱን ስም የረሳ ጭንቅላት ፓራሹት መክፈትን ላለመርሳቱ ማን ዋስ ይሆናታል?

ላስቲኩን በጠሰችውና የፓይለቱን ትከሻ መታች።

«ውረድ!»

«ምን ሆኑ?»

«የልጅቱ ስም ጠፋኝ! ውረድ አልኩህ!»

አፍንጫዋ ላይ የቱቦው አየር ቀዝቀዝ እያለ መጣ። አራት ሺህ ሦስት መቶ ላይ ሲደርሱ ስሙ ብልጭ አለላት፤ በደስታ ፖስተኛው ጆሮ ላይ ጮኸችበት። የፈቃዱ ሰዓት ግን አልቋል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሃያ ሰከንዴን በላሽው!» አለ ፖስተኛው።

«የሰው ደብዳቤ ስንት ወር ስታዘገይ ኖረህ፣ ሃያ ሰከንድ ያንገበግብሃል?»

አእምሮዋ መመለሱን ፓይለቱ አላመነም። «ከመቶ አስራ ሦስት አስራ ሦስት ይቀንሱ!»

ይህን አልተለማመደችውም። ጣቷን እያጠፈች፣ ቆም እያለች፣ «ሰማንያ ሰባት... ሰባ አራት... ስልሳ አንድ... አርባ ስምንት» አለች።

«ልክ ነው። ታዲያ አሁንም ለምን ይስቃሉ?»

እንደ ወትሮው አራት ሺህ ላይ በሩ ተከፈተ፤ ብርዱ ፊቷን ገረፋት። ከእግሯ በታች ሜዳው፣ ወንዙና የክለቡ ቆርቆሮ ጣሪያ ተዘርግተዋል።

«ይሄኛው ሳቅ የራሴ ነው!» አለችና በሩን ለቀቀችው።