ያልተቀቀለው ውታፍ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታይ ምን ያህል ይሆናል? ሠላሳ አንድ ዓመት የባዮሎጂ ክፍሉን ጠርሙሶች ያጠበው ሰውዬ ቢጠየቅ፣ «የኔስ ግማሽ ደቂቃ ነው» ባለ ነበር።

በዚያው ክፍል የሚያስተምረውን ዶክተር እንቅልፍ የነሣው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ሕይወት ከሌለው ነገር ሕይወት ይገኛል ወይ? ውሃና ጋዝ በታሸገ ጠርሙስ አድርጎ፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እየለቀቀበት ወራት ጠበቀ። ጎረቤቱ የፊዚክስ መምህር በበሩ ባለፈ ቁጥር፣ «ያለ ሠሪ የተሠራ አንድ ነገር አሳየኝና ምሳ በኔ!» ይለዋል። «አንተ ብቻ ጊዜ ስጠኝ» ይላል ዶክተሩ። አጣቢው አብሯቸው እየሳቀ በልቡ ለዶክተሩ ያደላ ነበር፤ በዚያ ሕንጻ «እንዴት አደርክ» የሚለው እሱ ብቻ ነዋ።

አንድ ዓርብ፣ መውጫ ሰዓት ላይ፣ የጠርሙሱን የጎማ ውታፍ ሲቀይር አዲሱ ከእጁ አምልጦ መሬት ወደቀ። ደንቡ ጀርሙ እንዲሞት መቀቀል ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አውቶቡሱ ሊያመልጠው ነው። በጋዋኑ ጫፍ ጠረግ አደረገና ወተፈው፤ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀበትም።

በሳምንቱ የጠርሙሱ ውሃ ደፈረሰ፤ ሕይወት ያለው ነገር በቅሎበታል። ዶክተሩ በደስታ አጣቢው አንገት ላይ ተጠመጠመ። «አየህ ወንድሜ? አየህ?»

ያኔ አጣቢው መናገር ነበረበት። «እንኳን ደስ ያለዎት» አለ።

ዶክተሩ መምህራኑን ሰብስቦ አሳየ። አንዲት ወጣት መምህርት ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ ቆየችና፣ «ይሄ እኮ ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ተራ ባክቴሪያ ነው» አለች። የፊዚክሱ መምህር ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ። «ያለ ሠሪ አይሆንም አላልኩህም!» ከዚያ ወዲህ ዶክተሩ በኮሪደሩ ሲመጣ፣ «ተነሡ፣ ፈጣሪያችን መጡ» መባባል ሆነ። ዶክተሩ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቸኮልኩ» ከማለት በቀር ውታፉን ማን እንደነካ አልጠየቀም። ሙከራውንም ተወው። አጣቢውን ውስጥ ውስጡን የበላው ያ አለመጠየቁ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዶክተሩን ቀና ብሎ አላየውም።

ዶክተሩ ጡረታ ሲወጣ ሽኝት ተዘጋጀ። አጣቢው ለክፍሉ ኃላፊ ሁሉንም ነገረው። ለዶክተሩ ለብቻው መናዘዝ አልበቃው አለ፤ በዶክተሩ የተሳቀበት በሰው ፊት ነበርና።

«ሁለት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ፤ ሁሉም ባሉበት ልናገር።»

«ኧረ ጋሼ! ያንን ማን ያስታውሰዋል? ደስታችንን አያደፍርሱብን።»

ሽኝቱን የምታዘጋጀውን ያችን መምህርት ለመናት። «ፕሮግራሙ እኮ ታትሟል» አለችው፣ ዓይኗን ሰብራ።

በሽኝቱ ዕለት ከግድግዳው ሥር ቆሞ እጁን አወጣ። መድረክ መሪው አይቶ እንዳላየ አለፈው፤ ዶክተሩም እውነቱን ሳይሰማ ተሸኘ።