የሸዋንግዛው ካፖርት

ሸዋንግዛው አዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ሱሱ የድሮ ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልም ነው፤ ዝናብ የማያባራበት፣ መርማሪው አንገትጌውን ገልብጦ ጥግ ላይ ሲጋራ የሚያጤስበት። በደርግ ጊዜ አዲስ የሚመጣው የጦርነት ፊልም ቢሆንም፣ ሲኒማ ቤቱ እሁድ እሁድ አሮጌዎቹን ያሳይ ነበር።

ማየት ብቻ አልበቃውም። ልብስ ሰፊው ደበሌ ጋ ሄዶ ግራጫ ካፖርት አሰፋ፤ በዚያ ሙቀት! ባርኔጣውን ግንባሩ ላይ ደፍቶ፣ ከሐይቅ ዳር እስከ መሃል ከተማ ቃል ሳይተነፍስ ይንጎራደድ ጀመር።

ያኔ ደግሞ ካፖርት ለብሶ ዝም የሚል ሰው ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። የከተማው ሐሜት ሁሉ የሚራገፍበት ጸጉር ቤት ጭጭ አለ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሳይጠየቅ፣ «እኔ እንኳ ከቀበሌ ስብሰባ ቀርቼ አላውቅም» ይላል። ሸዋንግዛው የተከበረ መስሎት አንገትጌውን ይበልጥ ያቆማል።

በዚሁ ሰሞን የአቶ ገብረየስን ልጅ ፅጌን ሊያገባ ተመኘ። ሲኒማ ቤት ሁልጊዜ ከፊቱ ትቀመጣለች፤ ተኩስ ሲሰማ የማትደነግጥ እሷ ብቻ ናት። ጎረቤቱን አቶ ሽበሺን ከሁለት ሰዎች ጋር ሽማግሌ ላከ።

እንደ ወጉ ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል፣ የሚቀመጠው እሺ ሲባል ነው፤ አባት «ዘሩን እንጠይቅ፣ ዘመድ እናማክር» እያለ በቀጠሮ ያመላልሳል። አቶ ገብረየስ ግን የሸዋንግዛውን ስም እንደሰሙ፣ «ይውሰዳት! ሰርጉ መቼ ይሁን?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ቆመው እንደገቡ ቆመው ወጡ።

ሸዋንግዛው ሊፈነድቅ ሲል አቶ ሽበሺ ያዙት።

«ምን ያስፈነድቅሃል? ተቀመጡ እንኳ አላሉንም። ልጃቸውን እንደ ግብር ነው የከፈሉህ።»

«ለምን?»

«ጆሮ ጠቢ ነው ብለው ነዋ! አገር ሁሉ የሚልህ እንደዚያ ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔስ ሽማግሌ ሁነኝ ስትለኝ እንቢ ያላልኩህ ለምን ይመስልሃል?»

በማግስቱ ሸዋንግዛው ካፖርቱን አውልቆ፣ በነጭ የሥራ ሽርጡ አቶ ገብረየስ ቤት ሄደ።

«አባቴ፣ እኔ የማንም ጆሮ አይደለሁም፤ ፊልም ያበላሸኝ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። እንደገና ሽማግሌ እልካለሁ። ያኔ እንደ ሰው ይከልክሉኝ።»

አቶ ገብረየስ መጀመሪያ በረጅሙ ተነፈሱ። ቁጣው ቀጥሎ መጣ።

«ለጸጉር ቆራጭ ነው ልጄን የምሰጠው? ውጣ!»

ሸዋንግዛው እየሳቀ ወጣ። ጸጉር ቤቱም ሐሜቱን መልሶ አገኘ፤ የመጀመሪያው ሐሜት የራሱ የሸዋንግዛው መባረር ነበር።

ሽማግሌዎቹ ጫማቸው እስኪያልቅ ተመላለሱ። ዘሩ ተጠየቀ፣ ዘመድ ተማከረ፣ ሙያው ተናቀ። በመጨረሻ ፅጌ ራሷ አፍ አወጣች።

«አባዬ፣ እኔስ ፈርቼው አላውቅም። ፊልሙ ላይ ሰው በሞተ ቁጥር ከኋላዬ ሲነፋረቅ እሰማዋለሁ።»

ያን ዕለት አቶ ገብረየስ ለሽማግሌዎቹ ወንበር አስቀረቡ።