ከጀርባው የተጻፈው ቀን

በፍርድ ቤቱ ግቢ «ገደል ማሚቶ» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ስታስተረጉም የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነው የምትመልሰው። ተከሳሹ «ሰረቅሁ» ካለ እሷም «ሰረቅሁ» ትላለች፤ ፊቷ እንኳ አይለወጥም።

ማክሰኞ ጠዋት የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ አንገቷ ላይ ያለውን ባጅ ገልበጥ አድርጎ አየና «በዚህ ችሎት አይገቡም» አላት። የሙያ ፈቃዷ ካበቃ አራት ወር ሆኖታል። ቀኑ የተጻፈው ከጀርባው ስለነበር ከሸሚዟ በቀር ያነበበው የለም።

በማግስቱ እሷ የምታስተረጉምበት የአንዲት አሮጊት የቤት ክርክር ይሰማል። አስተርጓሚ እየጠፋ ሦስት ጊዜ ተቀጥሯል፤ አሮጊቷም ሰነድ የታጨቀበትን ቡናማ ቦርሳ አቅፈው መጥተው አቅፈው ተመልሰዋል። የነገው ካመለጠ ደግሞ ቀጣዩ ከችሎት እረፍት በኋላ ነው።

ለባሏ ስትደውልለት ሳቀባት። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አላት፤ የአገሩን ሁሉ ቀጠሮ በቃሏ ይዛ የራሷን መርሳቷ ገርሞታል።

የእድሳት ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፎርም ሞልታ ጉርድ ፎቶ አያያዘች። ከሦስት ወር በላይ ለዘገየ ግን የቃል ፈተና አለ አሏት። ፈታኙ ጡረታ የወጡ አስተርጓሚ ናቸው። በእናቷ ቋንቋ እንደ ምስክር ይናገራሉ፤ እሷ ቋንቋውን ለማያውቀው ወጣት መዝጋቢ ትተረጉማለች።

ሽማግሌው ከላይኛው ፎቅ ስለሚያንጠባጥብ ውሃና ስለ ጎረቤት ጠብ አወሩ። መሐል ላይ «ይህች አስተርጓሚ ምንም አይገባትም፤ ሌላ አምጡልኝ» አሉ። እሷም ድምፅዋን ሳትቀንስ ለመዝጋቢው አደረሰች። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ፋይሉን ዘጉ፤ በዚያው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቁ።

ወደ መዝጋቢው ዞረች። «ፈቃድዎን አራት ወር ሙሉ ሳያሳድሱ ለምን ቆዩ?» አለችና መልሱን ልትቀበል ብዕሯን አዘጋጀች።

ልጁ ደነገጠ። «እኔ? እኔ እኮ ፈቃድም የለኝ።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ፈተናው አልቋል፤ ጥያቄው ለእርስዎ ነው።»

ብዕሯን አስቀመጠች። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ስለ ራሷ ተጠይቃ አታውቅም።

«ረሳሁት» አለች። ልማድ ነውና ወደ መዝጋቢው ዞራ በእሱ ቋንቋ ደገመችለት፦ «ረሳሁት።» እሱም ጻፈ። ሽማግሌው ፈረሙበት፤ ማኅተሙ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት አረፈ።

ረቡዕ ጠዋት ባጇን ቀኑ ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጋ ችሎት ገባች። አሮጊቷ ቦርሳቸውን ከፍተው ሰነዱን አውጥተው ተናገሩ። እሷ ወደ ዳኛው ቀና ብላ፣ «ቤቱ የእኔ ነው» አለች።