ቁልፍ የጠየቅንበት ቡሄ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ የቴሌግራም መልእክት ገባ። የላከችው ሊዲያ የምትባል ወጣት ናት፤ አያት አካባቢ ባለ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች። «እትዬ አስካለ፣ ቅዳሜ የግጥም ዝግጅት አለን። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይመጣል። እርስዎ መጥተው ቢያነቡልን ደስታችን ነው» ይላል። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ሃምሳን የተሻገረች ሴት ግጥም አንብቢልን ስትባል ልቧ ዘፈን ነው የሚሆነው። የትኛውን ቀሚስ እንደምለብስ ሁሉ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ዝቅ ብዬ ሳነብ ግን ሌላ ነገር አለ። «የሚያነቡትን ግጥም እስከ ረቡዕ ቢልኩልን። አለቆቼ ቀድመው ማየት ይፈልጋሉ።»

አይ ጉድ! ደሜ ፈላ። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ በትሕትና ነው የጻፈችው። እኔን ያንገበገበኝ «ቀድመው ማየት» የምትለው ነገር ናት። ይህቺን «ቀድመው ማየት» ከነአባቷ አውቃታለሁ። ገና በአሥራዎቹ መጨረሻ ሳለሁ ጎሮ ላይ ተዋውቀናል።

ያኔ ጎሮ እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልሆነም ነበር። የጤፍ፣ የሽንብራና የበቆሎ ማሳ ነበር፤ በማሳው መሀል እንደኛ ያሉ፣ ከተማው እየገፋ ያመጣቸው ቤተሰቦች አለፍ አለፍ ብለው ቤት ሠርተዋል። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፤ ላምበረት ሄዶ ለመመለስ ቦቲ ያለው ሰው ንጉሥ ነበር። ግን የዚያን ክረምት በቆሎ ጥብስ የበላ ሰው ስለ ጭቃው አያማርርም። እሸቱ ከማሳው ተሸልቅቆ በቀጥታ ፍም ላይ ይወጣል፤ ጠብታ ዝናብ ሲያርፍበት ቸስ እያለ ይንጣጣል። ዛሬ በየመንገዱ የሚሸጠውን እየገዛሁ እሞክራለሁ፤ አይገናኝም።

የቀበሌያችን ቤተ መጻሕፍት ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። መጽሐፉ ጥቂት፣ ወንበሩም ከመጽሐፉ ያነሰ። ቢሆንም ቅዳሜ ከሰዓት የእኛ ነበር። ጫላ ነው ያስጀመረው። ጫላ የዚያው የጎሮ ገበሬ ልጅ ነው፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ይገጥማል፣ ሲያነብ ደግሞ እንደ አባቱ በሬ የሚነዳ ይመስል ይጮሃል። መጮህ ግድ ነበር። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በሹክሹክታ የሚነበብ ግጥም ፊት ለፊት ለተቀመጠውም አይደርስም። ኋላ ኋላ ሰዎች «ምነው አንቺ ስታነቢ ማይክ አያስፈልግሽም?» ሲሉኝ ሳቄ ይመጣል። ጎሮ ያደገ ጉሮሮ ነው!

የሚሰማን ሰው እየበዛ ሄደ። እናቶች ገበያ ውለው ሲመለሱ ዘንቢላቸውን በር ላይ አስቀምጠው ይገባሉ። ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አንድ ቅዳሜ እኔ ስለ ሰፈራችን የቦኖ ውኃ አነበብኩ። ረጅም ግጥም ነው፤ ሰው አፍ ውስጥ የቀረው ግን ይቺ ናት፦

ቧንቧው ሳል ይዞታል፣ ውኃ አይወጣውም፣
ሐኪም ስብሰባ ነው፣ መጥቶ አያየውም።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ ጀሪካን ተሸክመው የተሰለፉ ሴቶች ሁሉ እየተቀባበሉ ይሏት ጀመር። ችግሩ፣ «ሐኪሙ» ማን እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አቶ ሰይፉ ናቸው፤ የቀበሌው ኃላፊ። ውኃውም፣ ስብሰባውም፣ የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍም በእሳቸው እጅ ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ስንሄድ በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አቶ ሰይፉ ጃንጥላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ከእንግዲህ ግጥሙን ቀድሜ ሳላየው እዚህ ቤት አይነበብም» አሉ። «ታመጣላችሁ፣ አያለሁ፣ የሚሆነው ይነበባል።»

«የማይሆነውስ?» አለ ጫላ።

«የማይሆነው አይሆንማ!»

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ምናለ፣ እናሳያቸውና እናንብብ፤ ከነጭራሹ ከሚቀር» አሉ። እኔ አሻፈረኝ አልኩ። ዛሬ ቧንቧውን ቆርጠው ያወጣሉ፣ ነገ ጭቃውን፣ ከነገ ወዲያ የሚቀረን ስለ ጨረቃ መጻፍ ነው። ጨረቃዋም ብትሆን «ለምን ጎደለች?» ተብላ ትጠየቃለች። ግን በሩ ተዘግቶ ከረመ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄድበት አጣሁ። ሌላ ሰው የሚሰማኝ ቦታ አልነበረኝም፤ ቤት ውስጥ ከስድስት ወንድሞች መሀል ለሴት ልጅ ጆሮ የሚሰጣት ማን ነው? ያቺ መጋዘን ብቻ ነበረችኝ። አለቀስኩም፣ ተናደድኩም። መናደዱ በለጠ።

መላው የመጣው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው። ጫላ ለቡሄ ጅራፍ ሲገምድ አገኘሁት። አጠገቡ ቆሜ ሳየው እንዲሁ ብልጭ አለልኝ።

«ጫላ፣ ለቡሄ ጨፋሪ በሩን የሚዘጋ ሰው አለ?» አልኩት።

«እንዴት ይዘጋል? ነውር አይደል እንዴ!»

«ግጥሙን ቀድሜ ልየው የሚልስ?»

ጅራፉን ጣለው። ገብቶታል።

የቡሄ ዕለት ረፋዱ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ዱላችንን ይዘን ወጣን። አውራጇ እኔ ነኝ። እናቴ ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ሴት ልጅ ቡሄ ልታወርድ? ጉድ በል ጎሮ! አበባ ይዘሽ ለእንቁጣጣሽ ብትዘፍኚ ምናለ?» እንቁጣጣሽ ሩቅ ነው፣ እማዬ፤ እስከዚያ መጽሐፉ ይሻግታል አልኳት። ማርታ የምትባል ጓደኛችንም አብራን ወጣች። የጴንጤ ልጅ ናት። «ቡሄው የእኛ በዓል አይደለም፤ ለቁልፉ ግን እጮሃለሁ» አለች። የምር ጮኸች።

አቶ ሰይፉ ደጅ ስንደርስ ዱላችንን መሬት ላይ እየመታን ጀመርን። እኔ አወርዳለሁ፣ እነሱ «ሆ!» ይላሉ።

መጣን ከደጅዎ ጭቃውን ተሻግረን፣
ሙልሙል አንፈልግም፣ ቁልፍ ነው የቸገረን።

በሩ ተከፈተ። አቶ ሰይፉ በፒጃማ ሱሪ ብቅ ብለው፣ እኔን ከፊት ሲያዩኝ ፊታቸው ተለዋወጠ። አላቆምኩም።

ቁልፉ ኪስዎ ገብቶ ሲሞቀው ሲደላው፣
መጽሐፉን ሻጋታ ቤት ዘግቶ ሊበላው።

ጎረቤቱ በየአጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። ያን ጊዜ የአቶ ሰይፉ እናት እማማ ተዋበች ሙልሙል የሞላ ሰፌድ ይዘው ወጡ። ትኩስ ነው፤ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ቁርስ አልበላሁም ነበርና ምራቄን ዋጥኩ። ልማዱ ዳቦውን መቀበል፣ ቤቱን መመረቅና መሄድ ነው። ሳይመረቅ የቀረ ቤት ዓመቱን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ይገባል።

«እማማ፣ እጅዎ ይባረክ» አልኳቸው። «እርስዎን አልተቀየምንም። ግን ቁልፉ ካልመጣ አንመርቅም።»

«አስካለ! ይኼ ዐመፅ ነው!» አሉ አቶ ሰይፉ።

እማማ ተዋበች ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምንድን ነው የያዝክባቸው?»

«እማዬ፣ አይገባሽም። ቁልፉ የእኔ አይደለም፤ የመንግሥት ነው።»

«እንግዲያው ስጣቸውና መንግሥትም ይመረቅ!» አሉ እማማ። «የአባትህ ደጅ ቡሄ ተጨፍሮበት ሳይመረቅ ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ በአንተ ሊጀመር ነው?»

አጥሩ ላይ ያለው ሰው በሳቅ አለቀ። አቶ ሰይፉ ላብ በላብ ሆኑ። ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ፣ ቁልፉን እሰጣለሁ። ግጥሙን ግን ቀድሜ አያለሁ» አሉ።

እዚህ ላይ ነው ጓደኞቼ ወደ እኔ የተመለከቱት። ቁልፉ በእጃችን ሊገባ ነው፤ አንድ «እሺ» ብቻ ነው የቀረው። ማርታ ክንዴን ጨበጠችው፤ ተቀበዪ ትበለኝ እምቢ በዪ አላወቅኩም። ዱላዬን አነሳሁና አወረድኩት።

ማጀት ገብቶ እንግዳ የሰው ድስት አይከፍትም፣
ቅዳሜ ይምጡ እንጂ፣ ቀድመው አያዩትም።

«ሆ!» ያሉት ጓደኞቼ ብቻ አይደሉም። አጥሩ ሁሉ «ሆ!» አለ። እማማ ተዋበች ሰፌዳቸውን እንደያዙ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። አቶ ሰይፉ ወደ ቤት ገቡ፣ ቆዩ፣ ቁልፉን አምጥተው እናታቸው እጅ ላይ አኖሩ። እኛም መረቅናቸው። ጭቃው ውስጥ ተንበርክከን፣ ከልባችን፣ እሳቸውንም ጭምር። ቂም የለንም፤ የፈለግነው በሩን ነው። ሙልሙሉንም በላን፤ እኔ ሁለት ነው የበላሁት።

ቅዳሜ አዳራሹ ሰው አልበቃውም። አቶ ሰይፉ መጥተው ከፊት ተቀመጡ፣ እጃቸውን አጣምረው። ዝናቡም መጣ። ተነሥቼ ያንኑ የቧንቧ ግጥም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ አንድ ቃል አልቀነስኩም። «ሐኪም ስብሰባ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ዓይናቸውን እያየሁ ነበር። አልሳቁም። ተነሥተው ግን አልወጡም። እኔ ደግሞ ይኼን ነው የፈለግኩት፦ ቁጭ ብለው እንዲሰሙኝ፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ግጥሙ ሲነበብ።

ቧንቧው ሳሉ አልተወውም፤ በዚያ ዓመት ውኃ መጣ ብዬ አልዋሽም። የግጥም ነገር እንዲህ ነው፣ ውኃ አያመጣም። ጀሪካን ይዞ የተሰለፈውን ሰው ግን አንገቱን ቀና ያደርገዋል። ቀና ያለ ሰው ደግሞ አቤት ማለት ይጀምራል። ቀድመው ማየት የሚፈልጉ ሁሉ የሚፈሩት እሱን ነው፤ ያኔም ዛሬም።

ዛሬ የአያት ሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት መስታወት በመስታወት ነው፤ ወንበሩ ይሽከረከራል፣ ወለሉ ያንሸራትታል። ደስ ይለኛል፣ ልጆቻችን ይገባቸዋል። አዲስ ቤት ውስጥ የድሮ ጓጉንቸር ሲንጠለጠል ግን ዝም አልልም። መጻፉ ስለከበደኝ ደወልኩላት።

«ሊዲያዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኳት። «ግጥሜን ግን አልልክም። ለአለቆችሽ ካልተመቻቸው በር ላይ ቆሜ አነባለሁ፣ ድምፄ እንደሆነ ይደርሳል።»

ትቀየማለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «እትዬ፣ እኔም እኮ እጽፋለሁ» አለችኝ። «ቅዳሜ ላነብ ፈልጌ ነበር። አምጪው ሲሉኝ እስካሁን አልሰጠኋቸውም። ብቻዬን ስለሆንኩ ፈርቼ… መተው ይሻለኛል ብዬ ነበር።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። እኔ ለመቆጣት ነበር የደወልኩት።

«ብቻሽን አይደለሽም» አልኳት። «ቅዳሜ አንቺ ቀድመሽ ታነቢያለሽ፤ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።»